ባለቤት የሌለው ስም

ይበልጣል ወደ ምድር ቤት የሚያወርዱትን አሥራ አራት ደረጃዎች መቁጠር ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አሁን እግሩ ብቻውን ያውቃቸዋል። ዘጠነኛው ጠርዙ ተሸርፏል፤ የመጨረሻው ላይ ክረምት ከበጋ የማይደርቅ እርጥበት አለ፤ ከዚያ በስተግራ ስድስት እርምጃ ሄዶ እጁን ሲዘረጋ ወፍራሙን በር ያገኘዋል። ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይም እንደ ወትሮው አገኘውና ከፍቶ ገባ፤ መልሶ ሲዘጋው ውጭ ያለው ሁሉ፣ ዝናቡም፣ የተማሪው ጫጫታም፣ የጄኔሬተሩ ጉርምርምታም፣ በቢላ እንደተቆረጠ ጸጥ አለ።

ክፍሏ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ስር ያለች፣ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች መጻሕፍት በድምፅ የሚዘጋጁባት ናት። ግድግዳዋና ጣሪያዋ ድምፅ እንዲውጥ በስፖንጅ ስለተለበጠ ሁልጊዜ የረጠበ ፍራሽና የተቃጠለ አቧራ ትሸታለች። ይበልጣል ራሱም ከአራት ዓመቱ ጀምሮ አያይም። እዚህ ከመመደቡ በፊት በላይኛው ፎቅ የስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጦ በቀን ሦስት መቶ ጊዜ «ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ» ሲል አራት ዓመት ኖሯል። ወደዚያ ወንበር መመለስን ከመሞት ለይቶ አያየውም።

ባልደረባው አስካል መጻሕፍቱን በማይክሮፎን ታነባለች፤ እሱ ይቀዳል፣ ያርማል። ጉሮሮዋን እንዲከፍትላት ቅርንፉድ ስለምታኝክ ከድምፅዋ በፊት ሽታዋ ይደርሳል። ስትመጣም ቀረጻ እንዳታበላሽ በሩን ሦስት ጊዜ፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ አንድ ጊዜ ትመታለች። በዚያ ሁሉ ስፖንጅ ውስጥ አልፎ የሚገባው የበሩ ምት ብቻ ነው፤ እሱም ለጆሮ ሳይሆን በወለሉ በኩል ለእግር የሚሰማ ነው።

ባለፈው ዓመት ሁለቱ ሆነው ከአስካል አምስት ሺህ ዓረፍተ ነገሮች ቀድተው የኮምፒውተሩን አንባቢ ሠሩ። «አንባቢዋ» ይሏታል፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ በአስካል ድምፅ ለይበልጣል የምትናገር፣ አስካል ያልደረሰችባቸውንም መጻሕፍት ለተማሪዎቹ የምታነብ ፕሮግራም ናት።

«ባሌ አንድ ቃል አይሰማኝም» ትላለች አስካል። «አንተ ጎጃሜው ግን ቀኑን ሙሉ ስትሰማኝ ትውልና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ታጠፋኛለህ።»

«አንቺን ማጥፋት ቢቻልማ በየጠዋቱ የታክሲ ሰልፍ ወሬ አልሰማም ነበር።»

ሁለቱን ድምፆች አሳስቶ አያውቅም። አስካል ትተነፍሳለች፤ አንባቢዋ አትተነፍስም። ሰባት ወር ሙሉ ተቀምጦ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጀመሪያና መጨረሻ ትንፋሹን እየቆረጠ የጣለው እሱ ራሱ ነው።

ሰኞ ዕለት አንባቢዋ ተነፈሰች።

አጭር ነበር፣ ደረጃ ወጥቶ እንደመጣ ሰው። የድምፅ ማጉያው ነው ብሎ አለፈው። ማክሰኞ አንድ ፋይል አንብባ ስትጨርስ፣ ፋይሉ ውስጥ የሌለ ቃል ጨመረች፤ «ቆይ» አለች። ረቡዕ አንድ የሕግ ተማሪ ለፈተና በወሰደው የድምፅ መጽሐፍ ውስጥ፣ በሁለት አንቀጾች መካከል፣ ቀስ ያለ ድምፅ «በሩ ክፍት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማና ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ለአቶ ፈለቀ አመለከተ።

ይበልጣል አቶ ፈለቀን ወደ ምድር ቤቱ ሲወርዱ የሰማቸው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«ወይ ማሽኑ አብዷል፣ ወይ አንተ» አሉት። «እስከ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ጥፋቱ የት እንዳለ በወረቀት አሳየኝ። ካልሆነ ክፍሉን ለኅትመት እሰጠዋለሁ። አንተም የምታውቃት ወንበር አለችህ።»

«አሳይዎታለሁ፣ ጋሼ።»

ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ኮምፒውተሩን ከፍቶ ፍለጋውን ከመልእክት መስመሩ ጀመረ። በኮምፒውተር ውስጥ ያሉ ፕሮግራሞች ጎን ለጎን እየሠሩ በቀጥታ አይነጋገሩም፤ አንዱ ከሌላው ጉዳይ ሲኖረው በጋራ መስመር መልእክት ይልካል። ሰዓቱም፣ ባትሪውም፣ አንባቢዋም በዚህ መስመር ላይ የየራሳቸው ስም አላቸው፤ ከእያንዳንዱ ስም ጀርባ ደግሞ ያን ስም የያዘ ፕሮግራም ከነቁጥሩ አለ። በመዳፊት የሚሠራ ሰው ይህን ሁሉ ሳያውቅ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። ይበልጣል ግን መዳፊት ነክቶ አያውቅም፤ ሥራውን በሙሉ ትእዛዝ በመጻፍ ስለሚሠራ የመስመሩን መፈተሻ ትእዛዞች እንደ ዳዊት በቃሉ ይዟቸዋል። ስሞቹን የሚዘረዝር አለ፤ የስሙን ባለቤት የሚጠይቅ አለ፤ የሚያልፈውን መልእክት ሁሉ ቆሞ የሚያዳምጥም አለ።

የመጀመሪያውን ጻፈ። አንባቢዋ አርባ አንድ ስሞችን ከነቁጥራቸው አነበበች። አርባ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ተነፈሰችና «ባዶ» አለች።

ስሙ አለ፤ ፕሮግራም ግን የለውም፤ ቁጥርም፣ ያስጀመረው ሰውም የለውም። ይበልጣል ቸኩሎ የሚፈርድ ሰው ስላልሆነ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ፣ ሶኬቱን ነቅሎ፣ እስከ መቶ ቆጥሮ እንደገና አስነሳው። ደግሞ ዘረዘረ። ያ ስም አሁን ከሁሉም ቀድሞ የመጀመሪያው ላይ ነበር፤ ሌሎቹ ገና ሳይነሱ የደረሰ ይመስል።

በሩ ሦስት፣ ከዚያም አንድ ጊዜ ተመታ። ቅርንፉድ ሸተተ፤ ከዚያ የአስካል ወንበር ሲጢጥ አለ።

«ምን አገኘህ?»

«አንድ ስም አለ። ከጀርባው ግን ምንም የለም።»

«አቶ ፈለቀ ነው በለኛ!»

ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ስሙን ራሱን ለመጠየቅ እጁን ወደ ቁልፎቹ መለሰ። በመስመሩ ላይ አንድን ስም «አለህ?» የሚሉበት ትእዛዝ አለ፤ የተጠራው ካለ ባዶ መልስ ይልካል፤ ከሌለ መስመሩ ራሱ የለም ይላል። ይበልጣል ትእዛዙን ጽፎ ላከ። መልሱ ጣቱ ከቁልፉ ላይ ሳይነሳ መጣ፤ ባዶ ነበር። ሁለተኛ ላከ። ባዶ መልስ። ሦስተኛውን ጽፎ ጨረሰና ሳይልከው ቆየ።

«መልስ መጥቷል» አለች አንባቢዋ።

የአስካል ወንበር ወደኋላ ተንፏቀቀ። «እኔ ይሄን ነገር አልወደድኩትም፣ ይበልጣል። ድምፄ ነው እኮ። ተወውና እንውጣ።»

«ብወጣ የት እንደምቀመጥ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጃንጥላዋን አንስታ ቆመች። «ሽሮ ይዤልህ እመጣለሁ። በሩን እንዳትቆልፈው፣ ቁልፌን ቤት ረስቻለሁ።» ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ስር ገፋችው፤ በሩ ተከፍቶ የዝናቡን ድምፅ አስገባ፤ ተዘግቶም ቆረጠው። የቅርንፉዱ ሽታ ትንሽ ቆይቶ እሱም ጠፋ።

ይበልጣል ብቻውን ሲሆን ለአቶ ፈለቀ የሚቀርበውን ማስረጃ በሥርዓት አዘጋጀ። ማንም «ጆሮህ ነው» እንዳይለው አንባቢዋን አጠፋት። የድምፅ ማጉያውንም ማይክሮፎኑንም ነቀለ፤ ገመዶቻቸውን ጠቅልሎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተታቸው። በምትኩ የብሬይል ሰሌዳውን አገናኘ፤ ከጣት ስር ትናንሽ ነጥቦች እየተነሱ አንድ አንድ መስመር የሚያስነብበውን። ከዚያ አዳማጩን ትእዛዝ ጻፈ፦ ከዚያ ባለቤት የሌለው ስም የሚወጣውን መልእክት ብቻ ያዝ፤ ሰዓቱን መዝግብ፤ በሰሌዳው ላይ አሳይ።

ጣቶቹን ሰሌዳው ላይ አሳርፎ ጠበቀ። ነጥቦቹ አልተነሱም። ክፍሉ ውስጥ ከራሱ ደም በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም፤ ስፖንጁ ያን እንኳ የሚመጥጠው ይመስል ነበር። ግማሽ ሰዓት እንዲህ አለፈ። እግሩን የነካውን የሶኬት ገመድ ከመንገድ ለማስወገድ ጠረጴዛው ስር ገብቶ አጎንብሶ ሳለ፣ ከላዩ፣ በስተግራ በኩል፣

«ገባሁ» አለች አስካል።

ደንግጦ ጭንቅላቱን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨ። «አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ ማንኳኳት ቀረ? ሽሮውስ?»

«አለ።»

«ምነው ዘገየሽ?»

«ተማሪዎች እንዳይረብሹን በሩን ቆልፈው።»

ልክ ናት ብሎ አሰበ፤ ፈተና ሳምንት ስለሆነ ከሰዓት በኋላ የሚያንኳኳው ይበዛል። ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ፣ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረው፣ ነቅሎ ከገመዶቹ ጋር ኪሱ ውስጥ ጨመረው። ሲመለስ እጁ የአስካልን ወንበር ነካ። ወንበሩ ስትወጣ እንደተወችው ጠረጴዛው ስር ገብቷል። ቆማለች ማለት ነው።

«እስቲ ስክሪኑን እይልኝ። ከዚያ ስም የመጣ ነገር አለ?»

ትንፋሽ ሰማ፤ አጭር፣ ደረጃ ወጥቶ እንደመጣ ሰው።

«ምንም የለም፤ ባዶ ነው።»

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሁለት ሰዓት እንኳ አልቀረውም፤ የስልክ ማዞሪያው ወንበር የተቀደደ ቆዳ ጀርባውን ሲወጋው ከአሁኑ ተሰማው። ሆኖም ይበልጣል ሳይዳስስ በሰው ቃል ብቻ ወረቀት ላይ ፈርሞ አያውቅም፤ የአስካልም ቃል ቢሆን። ተቀመጠና እጁን ወደ ብሬይል ሰሌዳው ዘረጋ።

ነጥቦቹ ተነሥተው ነበር።

ስክሪኑን አስተውላ አላየችውም ማለት ነው ብሎ ደስ አለው፤ ማስረጃው ተገኝቷል። ከመጀመሪያው ለማንበብ ወደኋላ መለሰው። ሰባት ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ፦ «ገባሁ»።

ጣቶቹ እዚያው ቆሙ። ከዚያ ለነገሩ ምክንያት ፈለገለት፦ ማይክሮፎኑ ስትናገር ሰምቷት ይሆናል። እጁን ኮቱ ኪስ ከተተ። ማይክሮፎኑ እዚያው፣ በገመዱ ተጠቅልሎ፣ ከቁልፉ ጎን ቀዝቅዞ ተኝቷል።

ቀጣዩን መስመር አመጣ። «አለ»። ቀጣዩን። «ተማሪዎች እንዳይረብሹን በሩን ቆልፈው»። ቀጣዩን። «ምንም የለም፤ ባዶ ነው»።

ያን ጊዜ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ከገባች ጀምሮ ቅርንፉድ አልሸተተውም። አሁን በስተግራው፣ ጉንጩ ላይ የሚያርፍ ሞቅ ያለ ትንፋሽ አለ፤ ትንፋሹም የሚሸተው የረጠበ ፍራሽና የተቃጠለ አቧራ ነው። ይበልጣል አልተንቀሳቀሰም። እንደማያውቅ መስሎ መቀመጥ እንዳለበት ብቻ ገባው፤ የገባውም ነገር ከጣቶቹ እንዳይነበብበት ሰሌዳው ላይ እንዳሉ አሳረፋቸው።

ነጥቦቹ ወረዱ። ከዚያ በአዲስ መስመር፣ አንድ በአንድ፣ ያለ ምንም ድምፅ ከጣቶቹ ስር ተነሡ፦

«ተማሪዎች ናቸው፤ ተዋቸው»።

ይህን ማንም አላለም። ይበልጣል ደጋግሞ ዳሰሰው። መልስ የሚሆንበትን ጥያቄ ሊያገኝለት አልቻለም፤ ክፍሉ ውስጥም ከክፍሉ ውጭም ምንም የተፈጠረ ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወለሉ ከጫማው ስር ተንቀጠቀጠ፤ በሩ ሦስት ጊዜ፣ ትንሽ ቆይቶም አንድ ጊዜ ተመታ።

«ተማሪዎች ናቸው፤ ተዋቸው» አለች አስካል፣ ከጆሮው አጠገብ።