ሜንጦው በመያዣ

የባቡሩ ሐዲድ ከተማይቱን ከወደቡ ጋር ባገናኘ በሁለተኛው ዓመት፣ ዝናቡ አባርቶ ወንዙ ወደ አልጋው በተመለሰበት ወር፣ ከወንዙ ዳር የሚኖር አንድ ቆዳ አልፊ ስምንት ዓመት የተሸከመውን ዕዳ ከፍሎ ጨረሰ። ዕዳውን ያመጣው ጎርፍ ነበር፤ ቆዳ የሚዘፈዝፍባቸውን ጉድጓዶች ከነቆዳቸው ጠርጎ ሲወስድበት ከእህል ነጋዴው ተበደረ፤ ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጨረሻ አንድም ቀን ሳያሳልፍ ከፈለ። ለመክፈልም ሲል፣ ዓመት ሙሉ በዛፍ ቅርፊት ውኃ ውስጥ መሰንበት የሚገባውን ቆዳ በአምስት በስድስት ወሩ እያወጣ ለጫማ ነጋዴ በርካሽ ሸጠው፤ ቆዳው ላዩ የበሰለ፣ መካከሉ ጥሬ ነበር። የከተማው ሰውም ይህን አይቶ «ቶሎ» የሚል ቅጽል አወጣለት፤ እውነተኛ ስሙን የሚያስታውሰው ሰው እያደር አነሰ።

ዕዳው ባለቀ በሠላሳኛው ቀን ቶሎ በማለዳ ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ የተለመደውን ገንዘብ በጨርቅ ቋጥሮ ወጣ። ምን እንዳደረገ የገባው ቋጠሮውን ከእህል ነጋዴው ጠረጴዛ ላይ ካኖረ በኋላ ነው። ሽማግሌው ነጋዴ ሚዛኑን ትቶ ትክ ብሎ አየው።

«ምነው ልጄ፣ ዛሬ ደግሞ ልታበድረኝ ነው የመጣህ?»

«ይቅር ይበሉኝ ጌታዬ። እግሬ ነው ያመጣኝ።»

«እባብ ያየ በልጥ በረየ አሉ። ተቀመጥና ላብህን ጥረግ። የዕዳውን ወረቀት እዚሁ ፊትህ ቀድጄዋለሁ፤ ካንተ የምፈልገው ነገር የለኝም።»

ቶሎ ግን አልተቀመጠም፤ ቋጠሮውን አንሥቶ እያፈረ ወጣ። እፍረቱስ ባልከፋ፤ የከፋው ፍርሃቱ ነበር። ባለዕዳ ሳለ የሚፈራውን ያውቅ ነበር፤ አሁን የሚፈራው ግን ገና ያልመጣውን ጎርፍ፣ ገና ያልያዘውን በሽታ፣ ገና ያልተበደረውን ብድር ነበርና ወሰን አልነበረውም። ሚስቱ ጣራው ያፈስሳል፣ ቆርቆሮ እንግዛ ብትለው «ቆይ እስቲ» ይላት ነበር፤ ስምንት ዓመትም የሰማችው ይህንኑ ነው።

በዚያው ሳምንት የፖስታው ሹም ትእዛዝ አወጣ፤ ባቡሩ የመንግሥቱን ደብዳቤ የሚጭንበት አርባ የቆዳ ከረጢት ይፈለጋል፤ ቆዳው ዓመት የሞላው ይሁን፤ ዋጋውም ሹሙ በገዛ እጁ መርምሮ ሲረከብ ይከፈላል የሚል ነበር። በቶሎ ጉድጓድ ያለው ቆዳ ገና አምስት ወሩ ነበር።

«ሰባት ወር ምን እንበላለን?» አላት ሚስቱን።

«ስምንት ዓመት ምን በላን? እኔ የፈረስ ጠፍር እሰፋለሁ። ዕዳው ገብስ ነው።»

«ጫማ ነጋዴው እኮ ዛሬውኑ ገንዘቡን እቆጥርልሃለሁ ብሏል። እጄ ላይ ትንሽ ነገር ካለ እንቅልፍም ይወስደኛል።»

«ስትከፍል አልተኛህም፤ ከፍለህም አልተኛህም» አለችው። «እኔም እፈራለሁ፤ የምትፈራ አንተ ብቻ አይምሰልህ። ግን የቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ ነው። ሴት ልጆቼ የቶሎ ልጆች ተብለው እንዲዳሩ አልፈልግም።»

ቶሎ ተነሥቶ ወጣ። ወደ ጉድጓዶቹ ሄዶ፣ ቆዳ የሚያወጣበትን ረጅም የብረት ሜንጦ አንሥቶ ብዙ ቆመ፤ ከዚያም በትከሻው ተሸክሞ ወደ እህል ነጋዴው አቀና። ያለ ሜንጦው ከዚያ ጥልቅ ጉድጓድ ቆዳ አይወጣም፤ ሌላ ለማሠራትም ገንዘብ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ገንዘብ ማውጣት ደግሞ እርሱ የማይሆንለት ነገር ነበር።

«ይህን በመያዣ አምጥቼዋለሁ» አለ።

«ስንት ልስጥህ?»

«ምንም። ሰባት ወር ያስቀምጡልኝ።»

ሽማግሌው አርባ ዓመት ሲያበድር እንዲህ ያለ መያዣ ገጥሞት አያውቅም። ቆዳውን ያለ ጊዜው እንዳያወጣ ብሎ መሆኑን ሲሰማ ግን አልሳቀም፤ ሜንጦውን ተቀብሎ ከሚዛኑ በስተኋላ ከግድግዳው ላይ ሰቀለው።

ከዚያ በኋላ ቶሎ በየወሩ መጨረሻ እየመጣ ሜንጦውን አይቶ ይመለስ ነበር። ያዩት ሰዎች ዳግመኛ ተበደረ ብለው አሙት፤ እርሱም አላስተባበለም። ሚስቱ ጣቷ እስኪቆስል ጠፍር ሰፋች፤ እርሱ የሰው ኮርቻ አደሰ። በአራተኛው ወር የበልጉ ዝናብ መጣና የቤቱ ጣራ ግማሹ ወረደ፤ ልጆቹ ከሥራው ዳስ ውስጥ ከቅርፊቱ ክምር አጠገብ ማደር ጀመሩ። ጫማ ነጋዴው ይህን ሰምቶ ዋጋውን በሲሶ ጨመረ። በማግስቱ ቶሎ ዝናብ እየመታው ከእህል ነጋዴው መጋዘን ገባ።

«ሜንጦዬን ይስጡኝ ጌታዬ።»

ሽማግሌው አውርዶ ከጠረጴዛው ላይ አጋደመለት። «ውሰድ። የራስህ ነው።»

ቶሎ ይከለክሉኛል ብሎ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ክርክሩን ሲያዘጋጅ ነው የመጣው። አሁን የሚከራከረው አጣ።

«ይከለክሉኛል ብዬ ነበር።»

«እኔ አበዳሪ እንጂ ሞግዚት አይደለሁም። ያን ሁሉ ዓመት አስገድጄ ያስከፈልኩህ እኔ መስዬህ ነበር? እኔማ በሦስተኛው ዓመት ይህ ሰው አገር ጥሎ ይጠፋል ብዬ ቁርጤን አውቄ ነበር። የከፈልከው በራስህ ነው።»

የዝናቡ ውኃ ከቶሎ ልብስ ላይ ወደ ወለሉ ይንጠባጠብ ነበር። እጁን ወደ ብረቱ ዘረጋ፤ ነካው፤ መልሶም ሰበሰበው።

«መልሰው ይስቀሉት» አለ።

ቤቱ ገብቶም ቆርቆሮ አልጠበቀም፤ ለሚቀጥለው ዓመት የገዛቸውን ጥሬ ቆዳዎች ከጣራው ላይ ቸነከራቸው። ሽታው ጎረቤቱን ሁሉ አስመረረ፤ ዝናቡ ግን አልገባም።

ዓመቱ ሞልቶ ከረጢቶቹ ተሰፍተው በቀረቡ ዕለት የፖስታው ሹም ቢላዋውን መዝዞ የአንዱን ጠርዝ ሰነጠቀ። ያልበሰለ ቆዳ ሲቆረጥ ከመካከሉ ነጭ መሥመር ይታያል፤ ሚስቱም ያንን መሥመር ላለማየት ዐይኗን ጨፈነች። ሹሙ ሦስተኛውን፣ ሰባተኛውን፣ ዐሥራ አንደኛውን ቆረጠ፤ ሁሉም ከላይ እስከ ታች አንድ መልክ ነበሩ።

«ስምህ ማን ነው?»

ቶሎ ይባል የነበረው ሰው አባቱ ያወጣለትን ስም ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ። ጸሐፊው ግን ይስማው አይስማው አይታወቅም፤ «ከወንዝ ዳር ቆዳ አልፊ» ብሎ ጻፈና ገንዘቡን ቆጠረለት።

ከረጢቶቹ የመጀመሪያዎቹ ባቡሮች አርጅተው ከተጣሉ በኋላም ደብዳቤ ይዘው ተመላለሱ። ስለ ሐዲዱ በተጻፈው የታሪክ መጽሐፍ የፖስታው ሹም ስም ከነማዕረጉ ሰፍሯል፤ ስለ ከረጢቶቹ ያለው ቁጥራቸው ብቻ ነው። ቆዳ አልፊውን ፍርሃቱ እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም። በየወሩ መጨረሻ በማለዳ ተነሥቶ ያችኑ ገንዘብ ይቋጥር ነበር፤ ጥሬ ቆዳ ገዝቶባት ጉድጓድ ይከትታል፤ ሜንጦውንም ዓመቱ እስኪሞላ ከእህል ነጋዴው ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ሽማግሌው ነጋዴም ቆዳ አልፊውም በአንድ ዓመት ዐረፉ። የነጋዴው ወራሾች መጋዘኑን ሲረከቡ ብረቱን አዩና መያዣ መሆኑን ከሠራተኞቹ ሰሙ፤ የስንት ዕዳ መያዣ እንደሆነ ለማወቅም መዝገቡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አገላበጡ። ምንም አላገኙም።