አምስት ፊደል

ከዚያ ማክሰኞ በፊት ነገሩ እንዲህ ነበር። በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ስምንት ኮምፒውተሮች ነበሩ፤ ሰባቱ ይሠራሉ፣ ስምንተኛው «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት የጃኬት መስቀያ ሆኗል። አራሚዋ ሁልጊዜ የምትቀመጠው በመስኮቱ በኩል ካለው ጥግ ነው። ቀን ማተሚያ ቤት ውስጥ የሰው ጽሑፍ ስታርም ትውላለች፤ ከሥራ ስትወጣ ደግሞ እዚህ መጥታ ሌላ ሰው ያጣውን ታገኛለች።

ነገሩ ውድድር ነው። በየማክሰኞው አንድ ድረ ገጽ አንድ ጥያቄ ያወጣል። መልሱ አንድ ቦታ ተቀምጦ አይገኝም። ከአሮጌ ጋዜጣ ወደ ካርታ፣ ከካርታ ወደ ፎቶ ስብስብ እየተከተሉ ኢንተርኔቱን ማሰስ፣ ከዚያም መልሱን ከመጡበት መንገድ ጋር መላክ ነው። አራሚዋ እዚያ ስሟ «ነቀዝ» ነበር፤ የገባችበትን ሳትጨርስ ስለማትወጣ። ዘዴዋ አንድ ነው፦ ከጥያቄው በፊት ጠያቂውን ማወቅ፣ እሱ እንደሚያስበው ማሰብ፣ እሱ እንደሚጽፈው ጽፎ መፈለግ። በዚህ ዘዴ ሁልጊዜ አንደኛ ትወጣለች።

ሁለተኛ የሚወጣውም ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው፤ «ቀንድ አውጣ» ይባላል። ማን እንደሆነ አታውቅም። የምታውቀው ፊደል እንደማይጠነቅቅ ብቻ ነው። «ዓመት»ን «አመት»፣ «ኃይል»ን «ሀይል» እያለ ነው የሚጽፈው። መልሱን ባነበበች ቁጥር እጇ ቀይ ብዕር ይፈልጋል።

የዚያ ማክሰኞ ጥያቄ የአንድ መንገድ አሮጌ ፎቶ ነበር፤ በመንገዱ ዳር የሚታየው ሱቅ ባለቤት ማን ነበር ይላል። ስትደክም ቆይታ ቀና ስትል፣ አጠገቧ ጫማው አቧራ የለበሰ ወጣት ተቀምጧል። ቀያሽ ሳይሆን አይቀርም፤ የመሬት መለኪያው ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ያንኑ ፎቶ በወረቀት አትሞ፣ ጀርባውን ወደ ራሱ አዙሮ በመስኮቱ ብርሃን ያየዋል።

«ይቅርታ፣ ወረቀቱን ገልብጠው ነው የያዙት» አለችው።

«ፎቶውም ተገልብጦ ነው የወጣው» አለ፣ ዞር ሳይል። «ሱቁ ላይ ያለውን ሰዓት ይዩት። ቁጥሮቹ ወደ ግራ ነው የሚሄዱት።»

እውነቱን ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የሌለ መንገድ ስትፈልግ ኖራለች። በስርቆት ወደ ስክሪኑ ብታይ መልሱን ይጽፋል፤ «በዚህ አመት» ብሎ ጀመረ።

«ቀንድ አውጣ!» አመለጣት።

ቀስ ብሎ ዞረ። ለካ ስሙን የሰጠው ሰው አላበላሸም።

«ነቀዝ ነሽ እንዴ? እኔ እኮ መነጽራቸውን በገመድ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ይመስሉኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ቀድሞ የመጣ ለሌላው ወንበር ይይዛል። ቀያሹ ጥላ አይቶ አንድ ፎቶ በስንት ሰዓት እንደተነሣ ማወቅን አስተማራት። እሷ ደግሞ የሞተ ድረ ገጽ ከየት ተቆፍሮ እንደሚወጣ አሳየችው። አንድ ቀን ስለ አሮጌ ድልድዮች ያዘጋጀውን የራሱን ገጽ ከፈተላት። ከግርጌው የጎብኚ መቁጠሪያ አለው።

«መቶ ሃያ ሰው ጎብኝቶልኛል» አላት ኮራ ብሎ።

«እነማን ናቸው?»

«እኔ ነኛ። ሰው መጣ ይሆን ብዬ በከፈትኩት ቁጥር አንድ ይጨምራል።»

እስክታነባ ሣቀች። ገጹን ግን ስታነብ ሣቋን ትታ ወደ ሙያዋ ተመለሰች። «ሰአት፣ ጸሀይ፣ አይን… አንተ ሰው፣ ‹ሰዓት›ን በትክክል የምትጽፈው መቼ ነው?»

«የማገባ ቀን» አለ።

ሁለቱም ስክሪናቸውን አዩ።

ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ አንድ የተሳለ የፀሐይ ሰዓት ነበር። ብረቱ ጥላውን ይጥላል፤ ቁጥሮቹ ግን እኩለ ቀን ላይ ያልቃሉ፤ ሠዓሊው የቀረውን ሳይጽፍ ሄዷል ይባላል። ክፍሉ ሲዘጋ እዚያ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። ጥላው ቁጥር የሌለበት ቦታ ሲደርስ፣ «አሁን ስንት ሰዓት ነው?» ትለዋለች። «ሠዓሊውን ጠይቂው» ይላታል። ያንን ግድግዳ «ሠዓሊው ያልጨረሰው የፀሐይ ሰዓት» ብለው ነበር የሚጠሩት።

ከዚያ ቀያሹ ለመንገድ ሥራ ሩቅ አገር ተመደበ፤ ለሦስት ዓመት። ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ ትንሽ ፎቶ ሰጣት፤ ግድግዳ ላይ ያረፈ ቀጭን ጥላ።

«የምጠይቅሽ ነገር አለ» አላት። «በአፌ አልችልም፤ በምትችዪበት መንገድ ልጠይቅሽ። ይህ ምን እንደሆነ እኛ እንደምንጠራው ጽፈሽ ፈልጊው። አንድ ገጽ ብቻ ነው የሚመጣልሽ።»

ጥላውን ገና ስታየው አወቀችው። እንደ ልማዷ ጠያቂውን አሰበች፤ እሱ እንደሚጽፈው «ሰአሊው ያልጨረሰው የጸሀይ ሰአት» ብላ ጻፈች። የዚያን ጊዜው መፈለጊያ ፊደል በፊደል ነው የሚያነጻጽረው። ምንም አልመጣም። እሱ ሊሳሳት በሚችልበት በሌላም በሌላም አኳኋን ሞከረች። ምንም የለም። በማግሥቱም እንደዚያው።

እናቷ የተበላበትን ሳህን ሲያነሡ ፊቷን አዩት። «ልጄ፣ ምን ጠፍቶብሽ ነው?»

«አንድ ገጽ» አለች።

«ለአንድ ገጽ እንዲህ ከተሆነ መጽሐፍ ቢሆን ምን ልትሆኚ ነበር?»

አልሣቀችም። ደውላ «አቃተኝ» ማለት ነበረባት፤ ያን ቃል ግን በሕይወቷ ብላው አታውቅም። መልስ የሌለው ጥያቄ ሰጥቶ ተጫወተብኝ አለች። አገኘሽው ወይ ብሎ እስኪጠይቃት ጠበቀች። አልጠየቀም። እሑድ ሄደ። ስልኳ ቢጮህ ብላ ትራሷ አጠገብ ታስቀምጠው ነበር፤ ኋላ ያንንም ተወችው። ከውድድሩም ወጣች።

ሦስተኛው ዓመት ሊያልቅ ሲል የቤተ መጻሕፍቱን የምሥረታ በዓል የሚዘክር ቡክሌት ለእርማት ማተሚያ ቤት ገባ። ጸሐፊው ስለ ሕንፃው፣ ስለ አትክልቱ ቦታ ተርኮ ወደ ጀርባው ግድግዳ መጣ፦ «ሰአሊው ያልጨረሰው የጸሀይ ሰአት»።

አራሚዋ እንደ ሁልጊዜው ብዕሯን አነሣች። «ሠ» አለች። «ዓ»። «ፀ»። «ሐ»። እንደገና «ዓ»። አምስት ፊደል አርማ፣ ልታልፍ ስትል እጇ ቆመ። የታረመውን መስመር አየችው። እንዲህ አድርጋ ፈልጋው አታውቅም። በዓለም ላይ ካሉ አጻጻፎች ሁሉ ያልሞከረችው ትክክለኛውን ነበር፤ ከእሱ ይመጣል ብላ አላሰበችማ።

የጓደኛዋን ኮምፒውተር ለመነች። አምስቱንም ፊደል ጠንቅቃ ጻፈች። አንድ ገጽ መጣ።

«ቀይ ብዕርሽን አስቀምጪው» ይላል። «መዝገበ ቃላት ይዤ ነው የጻፍኩት። ‹ሰዓት›ን በትክክል የምጽፈው መቼ እንደሆነ ነግሬሽ ነበር። እሑድ ጠዋት ከግድግዳው ሥር እጠብቅሻለሁ። ከመጣሽ፣ ሥራው እንዳለቀ ለአንቺ እመለሳለሁ። ካልመጣሽ ግን አላገኘሁትም እንዳትዪኝ፤ አንቺ ፈልገሽ የምታጪው ነገር የለም። እንቢ ማለትሽ እንደሆነ ይገባኛል፤ ደግሜ አላስቸግርሽም።»

ደጋግማ አነበበችው። የሚታረም አንድም ፊደል አልነበረውም። ብዙ ከቆየች በኋላ ነው ግርጌው ላይ ያለውን መቁጠሪያ ያየችው፦ 417።

ማን ጎበኘው? ወደዚህ ገጽ የሚወስድ ሌላ መንገድ የለም፤ ያንን ግድግዳም ከሁለቱ በቀር ኢንተርኔት ላይ የሚፈልገው የለም። አንዱ የእሷ፣ የዛሬው ነው። የቀረውን ያስቆጠረው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ፍለጋ አላስፈለጋትም። እሱም ቆጣሪ ሰው ነው፤ እሱ ያልጨመረውን አንድ ካየ ይገባዋል።

ገጹን ዘጋችው፤ ቀኑን ሙሉ አልነካችውም። በማግሥቱ ጠዋት ካፖርቷን ሳታወልቅ ከፈተችው። ከእሷ በቀር ማንም ካልገባበት 418 ማለት ነበረበት።

419 ይላል።