ስምንት እጅ እያለሽ!

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር እኔን ራሴን ያናድደኛል።

አንድ ትልቅ ዋርካ ላይ ስንዱ የምትባል ሸረሪት ትኖር ነበር። ስንዱ ልብስ ሰፊ ናት። ድሯ ላይ ቁጭ ብላ ሽር! ሽር! ሽር! እያደረገች ትሰፋለች።

ስንዱ ብርቄ የምትባል ትንሽ ልጅ አለቻት። ብርቄ ገና ነሐሴ ሲገባ፣ «እማዬ፣ ለእንቁጣጣሽ አዲስ ቀሚስ ስፊልኝ» አለቻት። «ከጓደኞቼ ጋር አደይ አበባ ይዤ ስዘፍን እለብሰዋለሁ።»

«እሺ የእኔ ልጅ» አለች ስንዱ። ወዲያው ቢጫ ጨርቅ አውጥታ ቆረጠች። ስምንት እጅጌ ያለው ቀሚስ!

ኳ! ኳ! እመት ዶሮ በምንቃሯ የዋርካውን ግንድ አንኳኳች።

«ስንዱዬ፣ ለበዓል የማስረው ሻሽ አማረኝ። አደራሽን!»

«ሥራ በዝቶብኛል እኮ፣ እመት ዶሮ።»

«ምን ይበዛብሻል? ስምንት እጅ እያለሽ!»

ስንዱ እምቢ ማለት አታውቅም። «እሺ፣ የበዓሉ ዋዜማ ነይ» አለቻትና የብርቄን ቀሚስ ወደ ጎን አደረገችው።

ኳ! ኳ! አያ ዝንጀሮ መጣ። «ለእኔ ደግሞ ሱሪ! ያውም የጭራ ቀዳዳ ያለው!»

«ሥራ በዝቶብኛል እኮ፣ አያ ዝንጀሮ።»

«በእናትሽ! ስምንት እጅ እያለሽ!»

«እሺ፣ የበዓሉ ዋዜማ ና።»

ኳ! ኳ! ኳ! ዋርካው ተነቃነቀ። አያ ጅቦ ነው።

«ካፖርት!» አለ። «ወፍራም ይሁን። ኪሱም አጥንት የሚይዝ ይሁን።»

«ሥራ በዝቶብኛል እኮ፣ አያ ጅቦ።»

አያ ጅቦ ምን ያለ ይመስላችኋል? እስቲ እናንተ በሉት። «ስምንት እጅ እያለሽ!»

«እሺ» አለች ስንዱ። «የበዓሉ ዋዜማ ና።»

አያችሁ ስህተቷን? ለአንዱም ዋዜማ፣ ለሌላውም ዋዜማ። ዋዜማ ደግሞ አንድ ቀን ብቻ ናት!

ብርቄ በየቀኑ፣ «እማዬ፣ የእኔስ?» ትላለች። ስንዱ በየቀኑ፣ «ነገ፣ የእኔ ልጅ» ትላለች። የብርቄ ነገ ግን አልመጣ አለ።

ዋዜማው ደረሰ። ገና በጠዋቱ ሦስቱም ከዋርካው ሥር ተሰለፉ።

«ደረሰ ወይ?» አለች እመት ዶሮ። «ደረሰ ወይ?» አለ አያ ዝንጀሮ። «ደረሰ ወይ?» አለ አያ ጅቦ።

የስንዱ ልብ ድው! ድው! ድው! አለ።

ተቻኩላ የእመት ዶሮን ሻሽ ከአያ ዝንጀሮ ሱሪ ጋር ሰፋችው። የካፖርቱን እጅጌ ደግሞ ጫፉን ደፈነችው።

«ቶሎ በይ እንጂ!» ብሎ አያ ጅቦ ጮኸ። «ስምንት እጅ እያለሽ!»

ስንዱ ግራ ገባት። ስምንቱንም እጆቿን አንስታ በስምንቱም መስፋት ጀመረች። ታዲያ ድሩን በምን ትያዘው?

ዷ! መሬት ላይ ወደቀች።

«ሻሼስ?» አለች እመት ዶሮ። «ሱሪዬስ?» አለ አያ ዝንጀሮ። «ኧረ ካፖርቴን አቧራ ነካው!» አለ አያ ጅቦ።

እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው! ሰው ሲወድቅ «እኔን!» ይባላል። ትንሽ ልጅ እንኳ ያውቃል። ከሦስቱ አንዳቸውም «እኔን!» አላሉም። አንዳቸውም!

ብርቄ በክሯ ተንጠልጥላ በፍጥነት ወረደች። «እኔን፣ እማዬ! እኔን!»

ከዚያ ወደ ሦስቱ ዞረች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «እናቴ ወድቃ ሱሪዬስ ይባላል? አታፍሩም?»

እመት ዶሮ መሬት መሬት አየች። አያ ዝንጀሮ ራሱን አከከ። አያ ጅቦ ግን፣ «እሺ ያለችኝ እሷ አይደለችም እንዴ!» አለ።

ስንዱ ተነሳች። በጣም ተናዳለች። መጮህ አማራት፣ ክሩን ሁሉ በጣጥሳ መጣል አማራት።

ግን መጀመሪያ ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ተነፈሰች። እፍፍፍ... አንድ። እፍፍፍ... ሁለት። እፍፍፍ... ሦስት። ልቧ ቀስ አለ።

«እውነትህን ነው፣ አያ ጅቦ» አለች። «እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። አይደርስልኝም ማለት ነበረብኝ። እናንተ ግን እጆቼን ቆጠራችሁ እንጂ ደክሞሻል ወይ ብላችሁ አልጠየቃችሁኝም።»

«ካሁን በኋላ አራት እጅ ድሩን ይይዛል፣ አራት እጅ ይሰፋል። የምሰፋውም አንድ ልብስ ነው። አንዱ ሲያልቅ ሌላው።»

«መጀመሪያ የማን?» አሉ ሦስቱም በአንድ አፍ።

«መጀመሪያ የብርቄ። ከሁላችሁም በፊት የጠየቀችኝ እሷ ናት። ከዚያ ሻሹ፣ እሱ ዛሬ ይደርሳል። ሱሪው ከበዓሉ ማግስት። ካፖርቱ ቅዳሜ።»

«ቅዳሜ!» አለ አያ ጅቦ። «በዓሉን በአሮጌ ካፖርት ልውል ነው?»

«ዋል!» አለች ስንዱ።

አያ ጅቦ እያጉረመረመ ሄደ። ይሂድ! በአሮጌ ካፖርት የሞተ ጅብ የለም።

እመት ዶሮና አያ ዝንጀሮ ግን አልሄዱም፤ አፍረዋል። እመት ዶሮ በምንቃሯ መርፌው ውስጥ ክር አስገባች። አያ ዝንጀሮ ከሱሪው ጋር የተሰፋውን ሻሽ ቀስ ብሎ ተረተረ።

አራቱ እጆቿ ያዙ፣ አራቱ ሰፉ። ሽር! ሽር! ሽር! የስንዱ ስፌት ቀጥ አለ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀሚሱም ሻሹም አለቀ። ብርቄ ስምንቱን እጅጌ አንድ በአንድ አጠለቀችና ተሽከረከረች። ስንዱ የመኝታ ቅጠሏ ላይ ጋደም ከማለቷ እንቅልፍ ወሰዳት።

ኳ! ኳ! ኳ! አያ ጅቦ ተመልሶ መጣ። «ኪሱ ሁለት ይሁን ልላት ነው!»

ብርቄ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። «ሽሽሽ! እናቴ ተኝታለች።»

አያ ጅቦ ሊጮህ አፉን ከፈተ። ከላይ የስንዱን ትንፋሽ ሰማ። አፉን መልሶ ዘጋ።

«ጠዋት ስትወድቅ ተጎድታ ነበር እንዴ?» ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀ።

«አዎ። ሦስት ጉልበቷን።»

«እኔን!» አለ አያ ጅቦ። ከዚያ ኮሽታ እንዳይሰማ በእግሩ ጣት እየረገጠ ሄደ።

ብርቄም እናቷ ጎን ገብታ ተኛች። ቀሚሱን ግን አላወልቅም አለች።