የእማማ የሻረግ በሬና ከጉድጓድ የወጣው አጥንት

እኔ እንኳ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ ዛር ቢሉኝ፣ ሟርት ቢሉኝ «እባካችሁ ተዉኝ» ነበር መልሴ። ሥራዬ ራሱ የሞተ ነገር መለካት ነው፤ ከቁፋሮ የወጣ የከብት እግር አጥንት ወስጄ ስፋቱንና ውፍረቱን በካሊፐር፣ አጥንቱን በሁለት መንጋጋ ቆንጥጦ በሚይዝ መለኪያ፣ እለካለሁ፣ ከዚያ የጥንት ሰዎች ያረቧቸው ከብቶች ትልልቅ ነበሩ ወይስ ትንንሽ፣ ላም ናት ወይስ የእርሻ በሬ እያልን ለማወቅ እንሞክራለን። አጥንት ደግሞ አያመውም ብዬ ነበር የማስበው።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ጋፋት አጠገብ እማማ የሻረግ ቤት አንድ ክፍል ተከራይቼ የምለካውን አንድ ካርቶን አጥንት ይዤ ገባሁ። እማማ ያላቸው አንድ በሬ ነው፣ ጎረቤታቸው ጋሽ ታከለም እንዲሁ አንድ፣ ስለዚህ መቀናጆ ገብተው ሁለቱን በሬዎች አንድ ላይ እየጠመዱ የሁለቱንም መሬት በተራ ያርሳሉ። አንዱ በሬ ከጎደለ ሁለቱም ቤት ጦሙን አደረ ማለት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ታከለ መስኮቴ ፊት ለፊት እያረሱ ነው፣ እኔ አንድ ወፍራም የቀኝ የፊት እግር አጥንት አነሳሁና ካሊፐሩን ገጠምኩበት። በሬ ጮኸ። ቀና ስል የእማማ በሬ ቀኝ የፊት እግሩን አንስቶ ቆሟል። ካሊፐሩን ለቀቅ አደረግኩት፣ በሬውም እግሩን አሳርፎ መራመድ ጀመረ። አጋጣሚ ነው አልኩ፣ ማን አይልም? እንደገና ገጠምኩ፣ እንደገና ጮኸ፣ ያው እግር!

«በል ሂድ! ምን ሆንህ አንተ?» ይላሉ ጋሽ ታከለ።

እመነኝ ወዳጄ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ልሞክር አልደፈርኩም። አጥንቱን ቀስ ብዬ ላስቀምጥ ስል ከእጄ አመለጠና ሲሚንቶው ላይ ለሁለት ተሰበረ፣ ውጭም ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ሮጬ ስወጣ በሬው ከነቀንበሩ ተንበርክኳል፣ እግሩ ተሰብሯል፣ ድንጋይ የለ፣ ጉድጓድ የለ፣ ደልዳላ መሬት ላይ! እማማ ራሳቸውን ይዘው «ወየው ጉዴ! እንግዲህ በምን ላሳርስ ነው?» ይላሉ። በድንጋጤ ከአጥንቱ ጋር የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?» አሉኝ እማማ።

ጋሽ ታከለ ግን ወደ ክፍሌ ገቡ፣ በካርቶን ያሉትን ገና ያልለካኋቸውን አጥንቶች ሳይነኩ እያጎነበሱ አዩ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የኔው በሬ የትኛው ነው?» አሉኝ።

ካርቶኑን ወደ ከተማ ልመልሰው ብል መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ መኪናው ሲያንገጫግጨው የሚሆነውን ማን ያውቃል። እስከ ዛሬ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ጋሽ ታከለም በየማለዳው በሬያቸውን ከማውጣታቸው በፊት መጥተው በመስኮቱ ያዩታል።