ከውስጥ የማይከፈተው በር

ልጅቷ አባቷን «ከእንግዲህ እዚህ ወንበር ላይ መቀመጥ አልችልም» ስትለው፣ አባትየው ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ፒካፑን እየነዳ፣ «ልክ ነሽ፤ ስፖንጁ አልቋል» አላት።

ከመስታወት ፊት ቆማ ስትለማመደው የከረመችው ንግግር ነበር። ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ወሩ ሲገባ እሄዳለሁ የሚለው ዋናው ነገር ገና ከአፏ ሳይወጣ፣ አባቷ ስለ ሌዘር ዓይነት ማውራት ጀመረ። ሰው ሊሰማው ያልፈለገውን ነገር በጆሮው ላይ ብትጮህም አይሰማህም፤ ይባስ ብሎ ያመሰግንሃል።

አባትየውን ሰፈሩ ጋሽ ቁልፍ ይለዋል። የግንባታ ዕቃ መደብር አለው፤ ወገቡ ላይ የሚያንጠለጥለው የቁልፍ ዘለላ ከባለቤቱ ቀድሞ ይደርሳል። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር፤ ክፉን ጥሎ መሄድ ለማን ይከብዳል? ልጁን እንደ ዓይኑ ብሌን ይወዳታል። ችግሩ፣ የዓይን ብሌን ከዓይን ወጥቶ የትም ሊሄድ አይችልም ብሎ ማመኑ ነው። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመሬት ቅየሳ ተምራለች። ከተመረቀች ወዲህ ግን የምትለካው የአባቷን ሽቦና ገመድ ነው።

የፒካፑ በር ነገር የመጣው ከታላቅ እህቷ ነው። እህትየው አንድ ቀን የትራፊክ መብራት ሲይዛቸው የቀኙን በር ከፍታ ወረደችና ከአንድ ፎቶ አንሺ ጋር እንደወጣች ቀረች። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የቀኙ በር ከውስጥ አልከፈት አለ። ማን እንዳበላሸው የጠየቀ የለም። መስታወቱም አራት ጣት ያህል ይወርድና ይቆማል። ስለዚህ ልጅቷ ቤት ስትደርስም ሱቅ ስትደርስም፣ አባቷ ሞተር አጥፍቶ፣ ወርዶ፣ በፊት ለፊት ዞሮ እስኪከፍትላት ድረስ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ጎረቤቶች «እንዴት ያለ ጨዋ አባት ነው፤ እንደ ንግሥት እኮ ነው የሚያወርዳት» ይላሉ።

የመኪና ወንበር ሰፊው ቤት ከጋራዦች ጀርባ ያለች፣ ማስቲሽ ማስቲሽ የምትሸት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ጋሽ ቁልፍ ትእዛዙን በጣቱ እየቆጠረ ሰጠ። ወንበሩ እንደ አዲስ ይሠራ፤ የረገበው የጣሪያ ጨርቅ ይቀየር፤ የተሰነጠቀው ዳሽቦርድ ይጠገን፤ በሮቹ ከውስጥ የለበሱት ሌዘር ይታደስ፤ ልጅቷን የሚያዝናና ራዲዮ ይገባ።

«የቀኙ በር እጀታ ግን አይነካም» አለ በመጨረሻ።

«ተበላሽቶ ከሆነ እኮ ጋሼ፣ ቀላል…» አለ ወንበር ሰፊው።

«አልተበላሸም። ጠባዩ ነው።»

ጠዋት ጠዋት ፒካፑ ዕቃ ስለሚያመላልስ ሥራው ከሰዓት ከሰዓት እንዲሆን ተስማሙ። ልጅቷ ዕቃ እንዳይለወጥ ትጠብቅ፤ አባት ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ከወዳጁ ጋር ዳማ ይጫወታል። እስረኛዋን የወህኒ ቤቱ ዘበኛ አድርጎ ሾማት ማለት ነው። ዳማው ናፍቆት ኖሮ የዚያን ቀን በሩን ሳይከፍትላት መንገዱን ተሻገረ።

ወንበር ሰፊው ጎንበስ ብሎ በመስታወቱ የአራት ጣት ክፍተት አያት። ጣቶቹ ላይ ማስቲሽ ደርቋል።

«እስረኛ አለ እንዴ?»

«ጥበቃ ነኝ።»

«በሹፌሩ በኩል አትወርጂም ታዲያ?»

ወደ ግራ ዞራ በሩን አየችው። ይህን ያህል ዓመት አንድ ክንድ ርቀት ላይ የኖረ በር ነው። «የአባቴ በር ነው» አለችው፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንዴት እንደሚያሳፍር ያን ጊዜ ገና ሰማችው።

እሱ አልሳቀም። እጁን በሽርጡ ጠረገና የቀኙን በር ከውጭ ከፈተላት፤ እጁንም ዘረጋላት። እስክትወርድ ድረስ ዓይኑን መሬት ላይ አደረገ። ከወረደች በኋላ ግን ቀና ብሎ አያት፤ እሷም አየችው።

ስሙን የጋራዥ ልጆች ስፖንጅ ብለውታል። በሥራው ብቻ አይደለም፤ ለሁሉ እሺ ስለሚልና የተቀመጠበት ሁሉ ጎድጓዳ ስለሚተውበት ነው። እሱ ግን የስፖንጅ ጥሩነቱ ሲነሱለት ወደ ቦታው መመለሱ ነው ይላል። ልጅቷን ሚስማር አላት፤ ቀጥ ብላ ስለምትቀመጥና አባቷ በኪሎ የሚሸጠው ነገር ስለሆነ። ሌላ ሰው ቢላት ትቀየም ነበር።

አሮጌውን ወንበር ፈትተው ሲያወጡት ሌዘሩ ላይ ሁለት ጉድጓድ ታየ። የአባቷ እንደ ገበቴ የጠለቀ፣ የእሷ ጠበብ ያለ።

«ይሄ ያንቺ ነው» ብሎ መዳፉን ጎድጓዳው ላይ አሳረፈ። ወንበሩን ነው የነካው፤ ፊቷ ግን ጋለ። እጁን በፍጥነት አነሳና መቀስ ፍለጋ ሄደ፤ መቀሱ እጁ ላይ ነበር።

ከወንበሩ ሥር ብዙ ሚስማር፣ ብዙ አቧራና አንድ የሴት ማበጠሪያ ተገኘ። የእህቷ ነው። አባቷ ሲመጣ ሰጠችው። በሸሚዙ ኪስ ከተተው። የዚያን ቀን ሰፊው ለጊዜው በገጠመው የውሰት ወንበር ላይ አስቀምጦ በሩን ዘግቶባት ሁለቴ ገፋ ገፋ አድርጎ አረጋገጠ። ልጅቷ ጥርሷን ነክሳ ራዲዮ የሚገባበትን ባዶ ቀዳዳ ስታይ ሄደች።

በማግስቱ ሌዘሩን እሷ ወጥራ፣ እሱ እየሰፋ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳለ ነገረችው። ስለ ሥራው፣ ወሩ ሲገባ መገኘት እንዳለባት፣ አባቷ እንዴት የስፖንጅ ጉዳይ እንዳደረገው። ከዚህ ከእሱ ቤት እግሯን አንስታ ብትሄድ የሚከለክላት እንደሌለ ጠቆማት።

«መጥፋት እኮ አይደለም የምፈልገው» አለች። «እህቴ ጠፋች፤ ይኸው አባቴ እስከ ዛሬ ይፈልጋታል። እኔ መውረድ ነው የምፈልገው። እያየኝ፣ በራሴ እጅ ከፍቼ። እጀታውን ሥራልኝ።»

እሺ አላት። ስፖንጅ አይደል።

ከዚያ በኋላ ግን እጀታው ሊገኝ አልቻለም። አሮጌ ሞዴል ነው አላት። አንድ ሰው አለ ተብያለሁ አላት። ሰውየው ለቅሶ ሄዷል አላት። ጣሪያው ተለበጠ፣ ዳሽቦርዱ እንደ አዲስ አበራ፣ ራዲዮው ዘፈነ፤ ወሩ ወደ ማለቁ ሆነ። ፒካፑ ባማረ ቁጥር ልጅቷ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ድሮ የተቀደደ እስር ቤት ነበር፤ አሁን በሌዘር ተለብጧል። በየቀኑ ከሰዓት ግን ስፖንጅ በሩን ይከፍትና እጁን ይዘረጋል፤ እሷም ጠዋቱን ሙሉ ሽቦ እየለካች ያቺን ቅጽበት ስትጠብቅ ራሷን ትይዛለች።

አንድ ቀን ዳሽቦርዱ ሥር በጀርባው ተኝቶ ገመድ ሲያስር፣ «ሚስማር፣ ከሽርጤ ኪስ መቀሷን» አላት። ሽርጡ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እጇን ስትከት አንድ በሌዘር ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር አገኘች። ፈታችው። የበር እጀታ ነው፤ ከመነካካት ብዛት የሚያብረቀርቅ። ሌዘሩንም አወቀችው፤ ስፖንጅ መጀመሪያ ላይ ለናሙና አምጥቶት አባቷ ቀለሙን ያልወደደው ነው።

«መቼ አገኘኸው?»

«መቀሱን?»

«እጀታውን።»

ከዳሽቦርዱ ሥር የሚታየው እግሩ ብቻ ነበር። እግሩ ቀስ ብሎ ተሰበሰበ። ሲወጣ ፊቱ ቀልቷል።

«በመጀመሪያው ሳምንት» አላት። «ከገጠምኩት ራስሽ ከፍተሽ ትወርጃለሽ። እኔ እጅሽን የምይዘው በቀን አንዴ ነው። ሌላ ሰበብ የለኝም።»

ልቧ ትንሽ ቀለጠ። ይበልጥ ያናደዳትም መቅለጡ ነው።

«አባቴም እኮ ስለሚወደኝ ነው» አለችው።

በጣቷ ወደ ፒካፑ አሳየችው። «ግባ።»

በቀኝ ወንበር ተቀመጠ። ከውጭ ዘጋችበት። ዓይኑ ወደ ሹፌሩ በር ሲሄድ አየችው።

«በዚያ በኩል መውረድ የለም። ለኔ በዚያ በኩል አባቴ ነው ያለው።»

በአራት ጣት ክፍተቱ እጀታውን፣ ቀጥላም ካቻቢቴውን አሾለከችለትና ሄዳ አሮጌው ወንበር ላይ፣ ጎድጓዳዋ ውስጥ ተቀመጠች። ፀሐዩ በመስታወቱ ገባ። ስፖንጅ ትናንት ራሱ በጥንቃቄ የለጠፈውን የበር ልብስ በራሱ እጅ ይገነጥል ጀመር። ላቡ በአገጩ ወረደ። ከውስጥ እየታፈነ የሚወጣ ድምፁ፣ ማስቲሹ ራስ እንደሚያዞር፣ አየር እንደሌለ ነገራት። አውቃለሁ አለችው። መስታወቱን እንኳ ለምን አላስጠገንሽም አላት።

«ለማን ልንገር? ለመኪናው ጠባይ?»

ሳይወዱ ሳቁ። ከዚያ እሱ ሥራውን አቁሞ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደገፈ።

«ይቅር በይኝ። አልታየኝም ነበር። ከውጭ ለሚከፍተው ሰው እኮ ሌላ በር ነው።»

መስታወቱ በትንፋሹ ጉም ለበሰ።

እጀታው ቀጭ ሲል ሁለቱም ደነገጡ። ስፖንጅ ወረደ፤ እጁን ግን አልዘረጋም፤ ወደ ኋላው አጣምሮ ራቅ ብሎ ቆመ። ልጅቷ ገብታ ዘጋችው፤ ከፈተችው። ዘጋችው፤ ከፈተችው። እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። ወርዳ ሄደችና፣ ከጀርባው ያጣመረውን እጁን ፈታ ያዘችው።

«ለዚህ ሰበብ አያስፈልግም ነበር» አለችው።

ትሄጃለሽ ወይ አላት። እሄዳለሁ አለችው። ልጠብቅሽ ወይ ብሎ ጠየቃት።

«ጠብቀኝ አልልህም። ማንንም ማስቀመጥ አልፈልግም። የት እንዳለሁ ግን ታውቃለህ።»

ፒካፑ ባለቀበት ቀን ጋሽ ቁልፍ እንደ ልጅ ሆነ። ወንበሩን ዳሰሰ፣ ጣሪያውን ዳሰሰ፣ ራዲዮውን ከፍቶ ዘጋ። በማግስቱ ጠዋት ደጃፉ ላይ የተቀመጠውን የልጅቷን ሻንጣ የደንበኛ ዕቃ መስሎት ራሱ አንስቶ ከሽቦው ጋር ጫነው።

«አሁን ተመቸሽ?» አላት መንገድ ላይ።

«በጣም ተመችቶኛል፣ አባዬ።»

እህቷ የወረደችበት መብራት ቀይ ይዞ ጠበቃቸው። የልጅቷ እጅ እጀታው አጠገብ ነበር። አልነካችውም። አረንጓዴ ሲበራ አለፉ። አውቶቡስ መናኸሪያው ጋ ሲደርሱ ግን ዳር እንዲይዝላት ለመነችው። አባት ያለምንም ጥርጣሬ ያዘላት። በሩን ያውቀዋላ።

«ወንበሩ አልነበረም አባዬ» አለችው። የቀረውንም ነገረችው፤ ሥራውን፣ ከተማውን፣ ዛሬ መሆኑን። በዚህ ጊዜ ስለ ሌዘር አላወራም።

«በሩ አይከፈትም» አለ ቀስ ብሎ፤ እንደሚለምን ሰው።

«ይከፈታል።»

ቀጭ አለ። በሩ በትንሹ ተከፈተ፤ የመናኸሪያው ጫጫታ ገባ። እሷ ግን አልወረደችም።

«ሸሽቼ አይደለም። እያየኸኝ ልውረድ ብዬ ነው።»

አባትየው እጀታውን አየ። እጁ ማበጠሪያው ወዳለበት የሸሚዝ ኪሱ ሄዶ እዚያው ቆየ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ ልማድ ሆኖበት በፊት ለፊት ዞሮ መጣ። በሩ ጋ ሲደርስ ክፍት ነው፤ ልጁም ቆማለች። እጁ የሚሠራው አጣ። ትንሽ ሲያመነታ ቆየና፣ ሻንጣዋን ከሽቦው መሐል አንስቶ ተሸከመላት።

ወራት አለፉ። ልጅቷ ሌላ ከተማ ዳር አዲስ መንገድ ስትቀይስ ያንን የሞተር ድምፅ ሰማች። ጋሽ ቁልፍ አቧራ ለብሶ ወረደ። አንገቷን አቅፎ ብዙ ቆየና፣ የጣሪያው ጨርቅ ጫፉ ረግቧል፣ ስለዚህ መንገድ ላይ እንዲያየው ብዬ ወንበር ሰፊውን ይዤው መጣሁ አላት። ይህ ሁሉ መንገድ ለጨርቅ ጫፍ ነው። መንገዱን ሙሉ ስለ አንቺ እየጠየቀ አደረቀኝ ብሎም ከሰሰ። ከዚያ የመቀየሻ መሣሪያዋን ለማየት የፈለገ መስሎ፣ ቁልፎቹን እያንሿሿ ራቀ።

ስፖንጅ በቀኙ ወንበር ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። መስታወቱ አሁንም አራት ጣት ነው። ልጅቷ ጎንበስ አለች።

«እስረኛ አለ እንዴ?»

«ጥበቃ ነኝ» አላት።

«በሩ እኮ ከውስጥ ይከፈታል።»

«አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ የገጠምኩት። እያወቅኩ ነው የተቀመጥኩት።»

እሷ የውጩን ስትይዝ እሱ የውስጡን ያዘ፤ በሩ ተከፈተ። ማን እንደከፈተው እስከ ዛሬ በአንድ ቤት እየኖሩ ይከራከራሉ።