የሪም ጫማ

አወል ሞቶ የተገኘው በሙዚየሙ ግቢ ባለው የሣር ጎጆ ውስጥ ነው፤ ጭንቅላቱ ከድንጋይ ወፍጮው ጋር ተላትሞ። በዚህ በዐረብ አገሯ ከተማ በሳብያ ባለ የግል ሙዚየም አሥራ ሁለት ዓመት በዘበኝነት የሠራ የወሎ ሰው ነበር። ከበላዩ የአንድ አሮጌ ጀንቢያ፣ የዐረብ ቆልማማ ጩቤ፣ ሰገባ ባዶውን ተንጠልጥሏል።

ዐረብኛ የምትችለውን ሐበሻ ሰዓዴን ፖሊስ የጠራት ለአስተርጓሚነት ብቻ ነበር። ስትደርስ የቤት ሠራተኛዋ የሺ እጇ በካቴና ታስሮ ጥላ ሥር ተቀምጣለች። የአሠሪዎቿ ልጅ፣ የሁለት ዓመቷ ሪም፣ ሌላ ሰው ጋ አልረጋ ብላ ጭኗ ላይ ናት። ሰዓዴ ደሟ ፈላ። ነፍሰ ገዳይ ናት ካሉ ልጃቸውን ለምን አልተቀበሏትም?

የፖሊስ ሻምበሉ ሙዚየሙን ሊጎበኝ የመጣውን ቤተሰብ ቃል ነገራት። እናትየው መዳም ፈሪዳ ትልቁን ልጅ ይዛ፣ ብዙ ጎብኚ እያያት፣ አሮጌ ጀልባዎች የሚታዩበት አዳራሽ ነበረች። አባትየው አቡ ሳሚ ከመኪናው አልወረደም። ሪምን ይዛ ጎጆው የገባችው ሠራተኛዋ ናት፤ ጩቤውን ስትሰርቅ ዘበኛው ቢይዛት ገፈተረችው።

«አንቺስ ምን ትያለሽ፣ እህቴ?» አለች ሰዓዴ ወደ የሺ ዞራ።

«ባባ፣ አባትየው፣ ሪምን ተቀበለኝና ጡጦዋን ከመኪና አምጪ አለኝ» አለች የሺ። «ስመለስ አቅፏት ከጎጆው በኩል መጣ። ገና ሳልቀበለው ሬሳውን ያየ ጎብኚ ጮኸ፤ ባባም ወደ እኔ ጠቆመ። ኸላስ፣ አለቀልኝ፤ ማን ያምነኛል?»

ሰዓዴ ወደ ጎጆው ሄደች። የአወል ነጠላ ጫማ በር ላይ ጥንድ ሆኖ ተቀምጧል። ተመልሳ የሪምን እግር ስታይ ቆም አለች። ሻምበሉንም «ሁሉንም ሰብስብልኝ» አለችው።

«ጎጆው በጫማ አይገባም» ብላ ጀመረች። «አወል፣ እዚህ የመጣን ሁሉ እንደምናውቀው፣ ሕፃን እንኳ በጫማ አያሳልፍም ነበር። ሪም ገብታለች፤ የምንጣፉ ሣር ካልሲዋ ላይ አለ። ስለዚህ ጫማዋን አውልቆ መልሶ ያደረገላት ሰው ውስጥ ነበር። ቀኙን በግራዋ አድርጎታል።»

«ቸኩላ ነዋ» አለ አቡ ሳሚ።

«ይሆናል። እንሞክረው።»

ጫማዎቹን አውልቃ ለየሺ ሰጠቻት። የሺ ዓይኗን ከሻምበሉ ላይ ሳታነሳ፣ በታሰረ እጇ፣ ሁለቱንም በቦታቸው አጠለቀች። ሰዓዴ እንደገና አውልቃ ለአባትየው አቀበለችው። አገላበጣቸው። ቀኙን በግራ እግሯ አደረገው። ሪም እግሯን አወራጭታ ጫማውን ጣለችና የሺን ጠራች።

መዳም ፈሪዳ ባሏን ቀና ብላ አየችው።

«ከተወለደች ጫማ አድርገህላት አታውቅም። ከመኪና አልወረድኩም አላልክም? ጀንቢያው የአባትህ ነበር፤ ይመለስልኝ ስትል የሙዚየሙ ሰዎች ስንት ጊዜ ከልክለውሃል።»

ፖሊሶቹ መኪናውን ፈተሹ። ጩቤው ከሪም መቀመጫ ሥር ወጣ። አቡ ሳሚ ሊገድለው እንዳላሰበ፣ አወል ጩቤውን አልለቅ ስላለው ብቻ እንደገፋው አጉተመተመ።

ካቴናው ከየሺ ወልቆ እሱ እጅ ገባ። ሪም እንደልማዷ እግሯን ወደ የሺ ዘረጋች። የሺ ግን ጫማዎቹን አንስታ በመዳም መዳፍ ላይ አኖረቻቸው።

«ዘለበቱ ወደ ውጭ ነው» አለቻት። «ሲገለበጥ አንቺም አላወቅሽውም።»

ከዚያ ወደ ጎጆው በር ሄዳ የአወልን ነጠላ ጫማ አነሳች፤ አቧራውን በሻሿ ጠረገችለት።