ቶሎ ይዛመዳል

ታላቅ ወንድሟ ለሥራ ርቆ ሲሄድ ለልብስ ሰፊዋ እህቱ ያስረከባት አንድ የመስታወት ገንዳ ነበር። ገንዳው የጨው ውኃ ሞልቶታል፤ ውስጡ ሁለት ዓሦችና ስድስት ዓመት ሙሉ ያሳደገው ብርቱካንማ ኮራል አሉ። ኮራሉ ለዓይን ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው የባሕር እንስሳ ነው፤ ብርሃን ሲያገኝ ይፈካል፣ ሲነኩት ይሸሸጋል። እናቷ በገንዳው አጠገብ ባለፉ ቁጥር «አደራ የልጄን ነገር» ይላሉ፤ ልጃቸው ራሱ እዚያ ውስጥ የሚዋኝ ይመስል።

አንድ ቀን ገንዳው ማንጠባጠብ ጀመረና መስታወት ቆራጩን ጠራች። ዝምተኛ ወጣት ነው። የሚያፈስሰውን ጥግ ደፍኖ ሲጨርስ ግን አልሄደም። ኮራሉን አየ፣ ከዚያ እሷን፣ ከዚያ ወለሉን።

«እኔም ቤት እንዲህ ያለ ገንዳ አለኝ» አላት።

«ታዲያ እንደ ምሥጢር የምታንሾካሹከው ለምንድን ነው?»

በሳምንቱ አውራ ጣት በምታህል ድንጋይ ላይ የበቀለ አረንጓዴ ኮራል ውኃ በያዘ ላስቲክ አምጥቶ፣ እሷን ስላላገኛት ለእናቷ ሰጥቶ ሄደ። ላስቲኩ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። «ለጀማሪ የሚሆን ነው። ቶሎ ይዛመዳል። አደራ።»

ደስ አላት። «ቶሎ የሚዛመድ ከሆነማ ብቻውን ምን ያደርጋል» ብላ ከወንድሟ ኮራል ጎን አስቀመጠችው።

በሁለት ወር ውስጥ አረንጓዴው የገንዳውን ድንጋይ እንደ ምንጣፍ አለበሰው። ብርቱካንማውን ከሦስት ወገን ከብቦ ይጫነው ጀመር።

«እንግዳ ብለን ተቀበልነው፣ ባለቤቱን አስወጣ» አሉ እናቷ ደረታቸውን ይዘው። «ያም ሰውዬ እንዲሁ ነው የሚያደርግሽ። ሁለተኛ እዚህ ደጃፍ እንዳላየው።»

ልጅቷ ግን በሩ በተንኳኳ ቁጥር ፀጉሯን እያስተካከለች ሁለት ወር ጠብቃው ነበር፤ አልመጣም። ወረቀቱን ይዛ ወደ ሥራ ቦታው ሄደች።

«ምን በድዬህ ነው? ይዛመዳል ብለህ የላክኸው የወንድሜን ኮራል ሊውጠው ነው።»

«ይዛመታል ነው እኮ ያልኩት። ይስፋፋል፣ ለብቻው ይቀመጥ ለማለት ነው።»

«አንብበው።»

አነበበው። ጆሮው ቀላ። መቁረጫውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ስጽፍ» አለ በመጨረሻ፣ «የማስበው ስለ ኮራሉ አልነበረም።»

በመካከላቸው የነበረው ትልቅ መስታወት የሁለቱንም ፊት አሳየ። ሁለቱም ፊት ለፊት ከመተያየት መስታወቱን ማየት መረጡ።

«እና ሁለት ወር የት ጠፋህ?»

«መልስ ስጠብቅ።»

«እኔ ደግሞ ሰውዬውን ስጠብቅ» አለች፤ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ግን ፊቷ ጠቆረ። «እናቴ ደጃፋችንን እንዳትረግጥ ብላለች። ያ ኮራል ከሞተ ደግሞ ስምህን ማንሣት አልችልም።»

«መጥቼ ላጽዳውና እዚያው ይቆጡኝ።»

ቅዳሜ መጣ። እናትየው ለኮራሉ ሲሉ አስገቡት፤ ወንበራቸውን ግን ገንዳው ሥር አስጠግተው እንደ ዘበኛ ተቀመጡ። እሱ እጁን እስከ ክርኑ ነክሮ አረንጓዴውን በምላጭ ጫፍ ቀስ እያለ ላጠው። በቀጣዩ ቅዳሜም መጣ፣ በሦስተኛውም። ብርቱካንማው እንደገና መፍካት ጀመረ።

በአራተኛው ቅዳሜ እናትየው መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ዓይኔ ደከመ እንጂ አልታወረም። ይቺን ከኋላ ያለችውን አረንጓዴ በየሳምንቱ የምትዘላት ለምንድን ነው? አንተ ትተዋታለህ፣ እሷ ትስፋፋለች፣ አንተ ትመጣለህ።»

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቆመች። እሱ ውኃ ከእጁ እየተንጠባጠበ ቆመ።

«ካለቀች መምጫ አጣለሁ ብዬ ነው፣ እማማ።»

እናትየው ብርቱካንማውን ኮራል አዩት። ከዚያ ልጃቸውን አዩ፤ ቀና ማለት አቅቷት ጨርቁ ላይ አቀርቅራለች። ከወንበራቸው ተነሥተው ፎጣ አመጡለት።

«ጨርሳት። የልጄን ነገር በከንቱ አታስጨንቅብኝ» አሉት። «ነገ ደግሞ ያለ ምላጭ ና።»

የስፌት መኪናዋ እንደገና ተነሣች፤ ልጅቷ ግን ሳታውቀው የሸሚዙን እጅጌ ከአንገቱ ጋር እየሰፋች ነበር።